የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፊት ለፊት ያለው መስኮትና ከጀርባ የሚሠራው ፕሮሰስ

በዚህ ዕትም ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱንን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገናል፤ ጠያቂዎቹ ባይተዋወቁም ሁሉም የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነውና። ጉዳዩም ተጠቃሚው በዓይኑ የሚያየው የፕሮግራሙ ክፍል፣ ማለትም ፍሮንትኤንዱ፣ ሳይታይ ከጀርባ ከሚሠራው ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ካለ ፕሮግራም) ጋር የሚያደርገው የመልእክት ልውውጥ ነው። ደብዳቤዎቹን ሐሳባቸውን ሳንለውጥ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ኮምቦልቻ ሲሆን በደሴ ለሚገኝ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ጅምላ ማከፋፈያ የሽያጭና የክምችት መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርቻለሁ። መስኮቱ በኤሌክትሮን (በድር ቴክኖሎጂ የዴስክቶፕ ፕሮግራም መሥሪያ)፣ ዳታቤዙን የሚይዘው የጀርባ ፕሮሰስ ደግሞ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ዳታቤዙ በአንድ ፋይል የሚቀመጠው ኤስኪውላይት ነው። የጀርባው ፕሮሰስ ሽያጩን መዝግቦ፣ ደረሰኙን አትሞ፣ የቀኑንም ድምር አስልቶ ሲያበቃ መልስ ይሰጣል። በአዘቦት ቀን ደህና ይሠራል። ሰኞ በገበያው ቀን ደንበኛ ሲበዛ ግን «ሽያጭ መዝግብ» የሚለው ቁልፍ ሲጫን መስኮቱ ቀጥ ይላል፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ያልሠራ መስሏት ደግማ ትጫናለች፤ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ አንዱ ሽያጭ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ይገኛል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የመጨረሻው ሽያጭ መመዝገቡን የሚያውቅ የለም። መልስ የምጠብቅበትን የጊዜ ገደብ ወደ 60 ሰከንድ ባሳድገው ችግሩ ይፈታ ይሆን? (የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ የጊዜ ገደቡን ማርዘም መስኮቱ ቀጥ ብሎ የሚቆይበትን ጊዜ ያረዝመዋል እንጂ ችግሩን አይፈታውም። በደብዳቤዎ ውስጥ አንድ የሚመስሉ፣ ነገር ግን መነሻቸው የተለያየ ችግሮች ስላሉ ነጣጥዬ ላስረዳ።

መስኮቱ ቀጥ የሚለው ፍሮንትኤንዱ መልስ እስኪመጣለት ድረስ ሌላውን ሥራ ሁሉ አቁሞ ስለሚጠብቅ ነው። መስኮት ያለው ፕሮግራም የማውዝ ጠቅታውን፣ የኪቦርድ ምቱንና የመስኮቱን እንደገና መሣል በአንድ ትሬድ (የሥራ መስመር) ላይ ተራ በተራ ያስተናግዳል፤ ያ ትሬድ ለአንዱ መልስ ሲል ከቆመ ከኋላው የተሰለፈው በሙሉ ይቆማል። ዊንዶውስ አንድ መስኮት ለ5 ሰከንድ ያህል ወረፋውን ሳያስተናግድ ከቆየ ምላሽ እንደማይሰጥ ቆጥሮ በርዕሱ ላይ ይጽፍበታል፤ አንድሮይድም ለንክኪ በ5 ሰከንድ ውስጥ ምላሽ ባልሰጠ ፕሮግራም ላይ ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። በኤሌክትሮን ይህን የሚያስከትለው «ሴንድሲንክ» የተባለው ጥሪ ነው፤ የኤሌክትሮን አዘጋጆች ራሳቸው ሌላ አማራጭ ሲታጣ ብቻ እንዲሠራበት በሰነዳቸው አሳስበዋል። እርሱን ትተው መልሱን በደረሰ ጊዜ በሚቀበለው «ኢንቮክ» በተባለው ጥሪ ይተኩት። የኤሌክትሮኑ ዋና ፕሮሰስም ፓይተኑን ሲጠብቅ እንዳይታገት ይጠንቀቁ፤ እርሱ ከቆመ መስኮቶቹ ሁሉ አብረውት ይቆማሉና።

ስለ ፍጥነት የፕሮግራሞች አጠቃቀም ተመራማሪው ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ያሰፈራቸው ሦስት መለኪያዎች ዛሬም ይሠራሉ። እስከ 0.1 ሰከንድ የሚመጣ ምላሽ ለሰው ቅጽበታዊ ይመስለዋል፤ እስከ 1 ሰከንድ የሚቆይ መዘግየት ቢታወቅም ሐሳቡን አያቋርጥበትም፤ 10 ሰከንድ ካለፈ ግን ልቡ ወደ ሌላ ጉዳይ ይሄዳል። ስለዚህ ቁልፉ እንደተጫነ፣ የጀርባው ፕሮሰስ ገና ምንም ሳይመልስ፣ «በመመዝገብ ላይ» የሚል ጽሑፍ ወዲያውኑ በመስኮቱ ላይ ይታይ። ገንዘብ ተቀባይዋ ደግማ የምትጫነው ፕሮግራሙ ትእዛዟን መቀበሉን ስላልነገራት ነው፤ በእርሷ ላይ ጥፋት የለም።

የጀርባው ፕሮሰስ ደረሰኝ እስኪያትም መልሱን ማዘግየቱ ደግሞ በእኔ ፍርድ ትልቁ የአሠራር ጉድለት ነው። ሽያጭን በኤስኪውላይት መመዝገብ በተለመደ ኮምፒውተር ላይ የሰከንድ ክፍልፋይ ብቻ ይወስዳል፤ ማተሚያ ማሽን ግን ወረቀት ይጨርሳል፣ ይጠፋል፣ ገመዱ ይላላል። ሁለቱን በአንድ መልስ ውስጥ ሲያስሯቸው ፈጣኑ የዘገምተኛው እስረኛ ይሆናል፤ ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ማተሚያው እምቢ ሲል ሽያጩም እንዳልተሳካ ተደርጎ መነገሩ ነው። ሽያጩ ዳታቤዝ ውስጥ ገብቶ ኮሚት እንደተደረገ (ምዝገባው እንደጸና) «ተመዝግቧል» የሚለው መልስ ይላክ፤ ኅትመቱና ድምሩ በራሳቸው ወረፋ ይሠሩና ሲያልቁ ወይም ሲሰናከሉ በሌላ መልእክት ይገለጹ።

ወደ ድርብ ምዝገባው እንለፍ። ይህ ችግር መስኮቱ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን አንድ ቀን መከሠቱ አይቀርም፤ ምክንያቱም መልስ ሳይመጣ ሲቀር ነገሩ ከሦስት አንዱ ሊሆን ይችላል፦ ጥያቄው ጭራሽ አልደረሰም፣ ወይም ደርሶ ገና እየተሠራ ነው፣ ወይም ተሠርቶ አልቆ የጠፋው መልሱ ነው። ከፍሮንትኤንዱ በኩል ሆኖ ለሚያይ ሦስቱም አንድ ዓይነት ዝምታ ናቸው። ብዙ ፕሮግራም ጸሐፊዎች የጊዜ ገደቡ ሲያልፍ «አልተሳካም» የሚል መልእክት ያወጣሉ፤ ይህ ተጠቃሚውን ወደ ስሕተት የሚመራ አነጋገር ነው፤ ትክክለኛው «ውጤቱ አልታወቀም፤ እየተጣራ ነው» የሚለው ነው።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ሽያጭ የማይደገም መለያ ቁጥር መስጠት ነው። ቁጥሩን የሚፈጥረው ፍሮንትኤንዱ ይሁን፤ የሚፈጠርበትም ጊዜ አዲሱ የሽያጭ ቅጽ በተከፈተበት ቅጽበት ይሁን። ቁጥሩ ቁልፉ በተጫነ ቁጥር የሚፈጠር ከሆነ ሁለት ጊዜ የተጫነው ሁለት የተለያየ ቁጥር ይዞ ስለሚሄድ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የጀርባው ፕሮሰስ ቁጥሩን ከሽያጩ ጋር በአንድ ትራንዛክሽን (ሁሉም አብሮ በሚጸና ወይም አብሮ በሚቀር ሥራ) ውስጥ ይመዝግበው፤ በሠንጠረዡም ላይ ያ ዓምድ ድግግሞሽ እንዳይቀበል ተደርጎ ይታወጅ። ያው ቁጥር በድጋሚ ከመጣ አዲስ ሽያጭ አይመዘግብም፤ ለመጀመሪያው የሰጠውን መልስ ደግሞ ይሰጣል። ለዚህ በየቋንቋው ተዘጋጅቶ የሚገኘው ዩዩአይዲ የተባለው መለያ በቂ ነው፤ በዘፈቀደ የሚፈጠረው ዓይነት 122 የዘፈቀደ ቢት ስላለው ሁለት ቁጥር የመገጣጠሙ ነገር አያሳስብም። ቁልፉን ከተጫነ በኋላ ማደብዘዝም መልካም ነው፤ ነገር ግን ለተጠቃሚው የሚደረግ ጥንቃቄ እንጂ ዋስትና አይደለም፤ መስኮቱ ተዘግቶ ሲከፈት ወይም ፕሮግራሙ ራሱ መልእክቱን ደግሞ ሲልክ አያድንምና።

መብራትን በተመለከተ አንድ ትንሽ መስመር እንዲያጣሩ እለምንዎታለሁ። ኤስኪውላይት እ.ኤ.አ. በ2010 በ3.7.0 ያመጣው «ዋል» የተባለው የአጻጻፍ ስልት ፈጣን በመሆኑ ብዙዎች ይጠቀሙበታል፤ ለተጨማሪ ፍጥነትም «ሲንክሮነስ» የተባለውን ቅንብር ወደ «ኖርማል» ያወርዱታል። በዚህ ቅንብር መብራት ድንገት ቢጠፋ ዳታቤዙ አይበላሽም፤ ይሁንና ኮሚት የተደረጉ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሽያጮች ወደ ዲስኩ ሳይደርሱ ሊጠፉ ይችላሉ። ያ ማለት ገንዘብ ተቀባይዋ «ተመዝግቧል» የሚለውን አይታ ደንበኛውን ካሰናበተች በኋላ ሽያጩ ከመዝገብ የለም ማለት ነው። ገንዘብ ለሚንቀሳቀስበት ሥራ ቅንብሩ «ፉል» ይሁን፤ የሚጨምረው መዘግየት ለአንድ ማከፋፈያ ቤት አይሰማም። መብራት ተመልሶ ፕሮግራሙ ሲነሣም ፍሮንትኤንዱ በመጀመሪያ የጀርባውን ፕሮሰስ የመጨረሻዎቹን ሽያጮች ከነሰዓታቸው ጠይቆ ያሳይ፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ከእጇ ካለው ገንዘብ ጋር አመሳክራ በቅጽበት ታውቀዋለች።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለው አንድ ደንብ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገረው። ስለ ክምችቱ እውነቱን የሚያውቅ አንድ ወገን ብቻ መሆን አለበት፤ እርሱም የጀርባው ፕሮሰስ ነው። ብዙ ጊዜ የማየው ስሕተት መስኮቱ ሽያጩን ከላከ በኋላ መልስ ሳይጠብቅ በራሱ ማስታወሻ ካለው ክምችት ላይ ቀንሶ ማሳየቱ ነው፤ ከዚያም የጀርባው ፕሮሰስ ሽያጩን ሳይቀበለው ሲቀር ሁለት የማይስማማ ክምችት ይኖራል። አንዱን የዱቤ መዝገብ ሁለት ሰው በየቤቱ ገልብጦ እየያዘ ቢጽፍበት የሚመጣውን ጭቅጭቅ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። መስኮቱ የሚያሳየው ነገር ከጀርባው ፕሮሰስ በመጨረሻ የሰማውን ይሁን፤ ያልተረጋገጠውን ማሳየት ካስፈለገውም በተለየ ቀለም ያልተረጋገጠ መሆኑን ይግለጽ። መስኮቱ በማንኛውም ጊዜ ቢዘጋና እንደገና ቢከፈት ከጀርባው ጠይቆ ያንኑ ገጽታ መልሶ መሥራት ከቻለ አሠራሩ ጤናማ ነው፤ ካልቻለ የሆነ እውነት መስኮቱ ውስጥ ተደብቋል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በደሴ ለአንድ የግል ክሊኒክ የካርድ ክፍል ፕሮግራም እየሠራን ነው። ፍሮንትኤንዱ በኖድ (የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ)፣ የጀርባው በፓይተን ሲሆን በፓይፕ (ሁለት ፕሮሰሶችን በሚያገናኝ ቧንቧ) በኩል ጄሰን በተባለው የጽሑፍ ቅርጽ መልእክት ይለዋወጣሉ። ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ እንከን የለውም። በክሊኒኩ ዊንዶውስ ላይ በአማርኛ «ሰዒድ» ብለን ስንጽፍ የተበላሸ ምልክት ይመዘገባል፤ «ፋጡማ» ወይም «መሐመድ» ብለን ስንጽፍ ግን የጀርባው ፕሮሰስ ጭራሽ ይወድቃል። በእኛ ሊኑክስ ላይ ይህ አይታይም፤ ነገር ግን ረጅም የታካሚዎች ዝርዝር ሲመጣ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ጠፍቶ በምትኩ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ ይታያል። አንዱ ስም አልፎ ሌላው የሚጥለው ለምንድን ነው? (ሁለት ባልደረቦች፣ ከደሴ)

መልስ፦ ጥያቄያችሁ በጥሩ ምልከታ የተሞላ ነው፤ መልሱም ከፊደሎቻችን የባይት (የኮምፒውተር መረጃ መለኪያ) አቀማመጥ ይገኛል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (ለዓለም ፊደሎች ቁጥር በሚሰጠው መዝገብ) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 ዕትም ሲሆን ቁጥሩን ወደ ባይት በሚለውጠው በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ «ደሴ» 6፣ «ኮምቦልቻ» 15 ባይት ነው። ኖድ መልእክቱን የሚልከው በዩቲኤፍ-8 ነው። በእንግሊዝኛ በተዘጋጀ ዊንዶውስ ላይ የሚሠራ ፓይተን ግን ከፓይፕ የሚመጣውን ባይት በልማድ የሚያነበው በአሮጌው የ1252 የፊደል ሠንጠረዥ ነው። በዚያ ሠንጠረዥ እያንዳንዱ ባይት ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ስለሆነ የእኛ አንድ ፊደል ሦስት እንግዳ ምልክት ይሆናል፤ «ሰዒድ» የተበላሸው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ አምስት ባይቶች ምንም ምልክት አልተሰጣቸውም፤ በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ሲጻፉ መጀመሪያቸው 8 ወይም 9 ከሆኑት መካከል የሚገኙ ናቸው። ፓይተን ከእነዚህ አንዱን ሲያገኝ ስሕተት ብሎ ይቆማል። የ«ፈ» ቤት ፊደሎች በሙሉ በሁለተኛው ባይታቸው ከእነዚህ አንዱን ይይዛሉ፤ «ሐ»ና «ም» ደግሞ በሦስተኛው ባይታቸው ይይዛሉ። እንግዲህ «ፋጡማ» በ«ፋ»፣ «መሐመድ» በ«ሐ» ምክንያት ፕሮሰሱን ይጥላሉ፤ «ሰዒድ» ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ባይት ስለሌለ ተበላሽቶም ቢሆን ያልፋል። ከሁለቱ ክፉው ዝም ብሎ ያለፈው ነው፤ የወደቀው ወዲያው ይታወቃል፣ የተበላሸው ስም ግን በታካሚው ካርድ ላይ ለዓመታት ይቀመጣልና። እስከ አሁን የተመዘገበውን ሁሉ እንድትመረምሩ አጥብቄ እመክራለሁ።

ማረሚያው ቀላል ነው። ከፓይተን 3.7 ጀምሮ ያለውን የዩቲኤፍ-8 ሁነታ ፍሮንትኤንዱ የጀርባውን ፕሮሰስ ሲያስነሣ አብርቶ ያስነሣው፤ ከዚያ የሚሻለው ግን ፓይተኑ ከፓይፑ የሚያነበውን በጥሬ ባይት ተቀብሎ ራሱ በግልጽ በዩቲኤፍ-8 እንዲፈታው ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ የኮምፒውተሩ ቅንብር ምንም ቢሆን ሥራው አይለወጥም።

የጥቁሩ አልማዝ ምክንያት ሌላ ነው። ፓይፕ የባይት ፈሳሽ ነው፤ መልእክት የት ጀምሮ የት እንዳበቃ አያውቅም። በሊኑክስ የአንድ ፓይፕ መያዣ በተለምዶ 65,536 ባይት ነው፤ ይህ ቁጥር ለ3 ሲካፈል 1 ይተርፋል። ረጅም ዝርዝር ሲመጣ ኖድ ቁራጭ በቁራጭ ይቀበለዋል፤ እያንዳንዱንም ቁራጭ ወዲያው ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ከሆነ በድንበሩ ላይ ያለው ፊደል ተቆርጦ አንዱ ባይት በዚህኛው፣ ሁለቱ በሚቀጥለው ቁራጭ ይገኛሉ፤ አልማዙም በዚያ ቦታ ይወጣል። በሙከራ ጊዜ ያልታያችሁ ለሙከራ የተጠቀማችሁበት ዝርዝር አጭር ስለነበረ ነው። ባይቶቹን ሳትፈቱ አጠራቅሙ፤ አንድ መልእክት ሙሉ በሙሉ ሲደርስ ብቻ ፍቱት።

ሙሉ መሆኑን ለማወቅ ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉ። አንደኛው እያንዳንዱን መልእክት በአንድ መስመር ጽፎ በአዲስ መስመር ምልክት መዝጋት ነው፤ ጄሰን በጽሑፍ ውስጥ ያለን አዲስ መስመር በሌላ ምልክት ስለሚተካው፣ በዩቲኤፍ-8ም የዚያ ምልክት ባይት በሌላ ፊደል ውስጥ ፈጽሞ ስለማይገኝ አያሳስትም። ሁለተኛው ከመልእክቱ በፊት ርዝመቱን መላክ ነው፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ያደረገው፣ የኮድ ማረሚያዎች ከቋንቋ ሰርቨሮች (ኮዱን ከሚተነትኑ ፕሮግራሞች) ጋር የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል የሚሠራው እንደዚህ ነው። ርዝመቱን በፊደል ብዛት ሳይሆን በባይት ብዛት መቁጠር እንዳለባችሁ ግን አትርሱ፤ በእንግሊዝኛ ሁለቱ እኩል ስለሆኑ ስሕተቱ ተደብቆ ይኖርና የመጀመሪያው የአማርኛ ስም ሲገባ ይፈነዳል።

በዚሁ ላይ ሳትጠይቁኝ አንድ ልጨምር። የጀርባው ፕሮሰስ ለመልእክት በሚጠቀምበት በዚያው ስታንዳርድ አውትፑት (የፕሮግራሙ መደበኛ መውጫ) ላይ የሥራ ማስታወሻ የሚያትም ከሆነ ማስታወሻው ከጄሰኑ ጋር ይደባለቃል፤ ማስታወሻው ሁሉ በስታንዳርድ ኤረር (ለስሕተት መልእክት በተለየው መውጫ) በኩል ይውጣ። ፓይተን ወደ ፓይፕ ሲጽፍ ደግሞ ጽሑፉን አጠራቅሞ ስለሚልክ ከእያንዳንዱ መልእክት በኋላ እንዲያፈስሰው ማዘዝ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ መልሱ ተጽፎ ሳለ ፍሮንትኤንዱ ሲጠብቅ ይውላል።

ጥያቄ፦ የጀርባው ፕሮሰስ በ127.0.0.1 ላይ በአንድ ፖርት (ቁጥር ባለው የመረብ በር) ያዳምጣል፤ መስኮቱም በኤችቲቲፒ ያናግረዋል። ኮምቦልቻ ያለው መጋዘናችንም ደሴ ካለው ኮምፒውተር ጋር እንዲገናኝ አድራሻውን ወደ 0.0.0.0 ቀየርኩት፤ ሠራ። አደጋ አለው? (ነጋዴና ራሱን ያስተማረ ፕሮግራም ጸሐፊ፣ ከደሴ)

መልስ፦ አዎን፣ አለው፤ ዛሬውኑ ይመልሱት። 127.0.0.1 ማለት ከዚያው ኮምፒውተር የሚመጣ ብቻ ማለት ሲሆን 0.0.0.0 ማለት ግን ኮምፒውተሩ በተገናኘበት መረብ ሁሉ የሚመጣን መቀበል ማለት ነው። ለራስዎ መስኮት ብቻ የጻፉት የጀርባ ፕሮሰስ ማንነት የማይጠይቅ ከሆነ ዋይፋይዎን ያገኘ ሰው ሁሉ ክምችትዎን ሊለውጥ ይችላል። ከኮምቦልቻ መገናኘት ካስፈለገ ለዚያ ሥራ የተዘጋጀ፣ ተጠቃሚን የሚለይና ግንኙነቱን የሚያመሰጥር ሰርቨር ለብቻው ይቁም፤ ወይም ሁለቱ ቤቶች በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መረብ) ይገናኙ። የቤት ውስጡ መነጋገሪያ ለውጭ ሰው አይከፈት።

127.0.0.1ም ቢሆን ብዙዎች እንደሚያስቡት የተዘጋ ክፍል አይደለም። በዚያው ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ማንኛውም ፕሮግራም፣ በብራውዘር የተከፈተ ማንኛውም ድረ ገጽ ጭምር፣ ወደዚያ ፖርት ጥያቄ መላክ ይችላል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2019 ይፋ የሆነው፣ ዙም የተባለው የቪዲዮ ስብሰባ ፕሮግራም ጉዳይ ለዚህ ማስረጃ ነው፤ ፕሮግራሙ በማክ ኮምፒውተሮች ላይ ከጀርባ የሚያዳምጥ ትንሽ የድር ሰርቨር ያስቀምጥ ስለነበር አንድ ድረ ገጽ ተጠቃሚውን ሳያስፈቅድ ካሜራው ተከፍቶ ስብሰባ ውስጥ ሊያስገባው ይችል ነበር፤ ዙምን ማጥፋትም ሰርቨሩን አያጠፋውም ነበር። በኋላ አፕል ራሱ በዝማኔ አስወገደው።

ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ኮምፒውተር ላይ ከሆኑ ፖርትን መተው ይሻላል። በሊኑክስና በማክ የዩኒክስ ሶኬት፣ በዊንዶውስ ደግሞ ኔምድ ፓይፕ የተባሉ የፕሮሰሶች መነጋገሪያዎች አሉ፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1983 4.2 ቢኤስዲ ከተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጋር ከመጣ ጀምሮ ሲሠራበት የቆየ ነው። ሁለቱም ማን እንዲገባ እንደተፈቀደለት በፈቃድ ይወስናሉ፤ ድረ ገጽም በቀጥታ ሊደርስባቸው አይችልም። ፖርት የግድ ከሆነ ፍሮንትኤንዱ የጀርባውን ፕሮሰስ ሲያስነሣ በዘፈቀደ የተፈጠረ ምስጢራዊ ቃል ይስጠው፤ ያንን ቃል ያልያዘ ጥያቄ ሁሉ ይመለስ።

ጥያቄ፦ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነኝ። በመመረቂያ ሥራዬ የጀርባው ፕሮሰስ ትልቅ ፋይል ሲያነብ የደረሰበትን ለመስኮቱ ማሳወቅ አለበት። መስኮቱ በየጊዜው ይጠይቅ ወይስ የጀርባው ይላክ? (ተማሪ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ የጀርባው ይላክ፤ ነገር ግን በልክ። ብዙ ተማሪዎች ለእያንዳንዱ የተነበበ መስመር አንድ መልእክት ይልካሉ፤ ፋይሉ ሚሊዮን መስመር ካለው ሚሊዮን መልእክት ይሆንና መስኮቱ እርሱን በመሣል ብቻ ይደርቃል። የባሰውም አለ፤ መስኮቱ ካላነበበ ፓይፑ ይሞላል፣ ፓይፑ ሲሞላ የጀርባው ፕሮሰስ መጻፍ አቅቶት ይቆማል፤ ዋናው ሥራ ስለ ሥራው በሚነገረው ወሬ ታገተ ማለት ነው። በሰከንድ ከ10 በላይ ዝማኔ ለሰው ዓይን ብዙ አይጠቅምም። በመካከል የተጠራቀመውን ትተው የመጨረሻውን ብቻ ይላኩ፤ «ተፈጸመ» እና «ተሰናከለ» የሚሉት ግን ፈጽሞ አይተዉ። ለእያንዳንዱ መልእክትም ተከታታይ ቁጥር ይስጡት፤ መስኮቱ ተዘግቶ ሲመለስ መጀመሪያ አሁን ያለበትን ሁኔታ ሙሉ በሙሉ ይጠይቅ፣ ከዚያ በኋላ ከዚያ ቁጥር የሚበልጡትን ዝማኔዎች ብቻ ይቀበል።

ጥያቄ፦ መስኮቱ ሲዘጋ የጀርባው ፕሮሰስ ሳይዘጋ ይቀራል፤ እንደገና ስንከፍት ሁለተኛ ይነሣና ፋይሉ ተይዟል ይላል። አዲስ ዕትም ስንጭን ደግሞ አዲሱ መስኮት የማይገባው መልስ ይደርሰዋል። (የጥገና ሠራተኛ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ሁለቱም የሚመጡት የጀርባው ፕሮሰስ የማን እንደሆነ ሳይወሰን በመቅረቱ ነው። መስኮቱ ሲዘጋ ሥራው የሚያበቃ ከሆነ የጀርባው የመስኮቱ ልጅ (መስኮቱ ራሱ የሚያስነሣው ፕሮሰስ) ይሁን፤ ከመስኮቱ ጋር የሚያገናኘው ፓይፕ መዘጋቱን ባየ ጊዜ የያዘውን ጨርሶ ራሱ ይውጣ። ይህ መስኮቱ በሥርዓት ሳይሆን በድንገት ሲወድቅ እንኳ ይሠራል፤ ፓይፑን የሚዘጋው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነውና። መስኮት ባይኖርም መሥራት ያለበት ከሆነ ግን በሊኑክስ የጀርባ ሥራዎችን በሚያስተዳድረው በሲስተምዲ፣ በዊንዶውስ እንደ ሰርቪስ ይተከል፤ መስኮቱም ያስነሣው ዘንድ አይሞክር፣ ያለውን ፈልጎ ይገናኝ። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ሰርቪሶች ከተጠቃሚው በተለየ ክፍለ ጊዜ ስለሚሠሩ መስኮት ማሳየት አይችሉም፤ ለተጠቃሚው የሚነገር ነገር ካለ በመልእክት ለፍሮንትኤንዱ መላክ አለበት።

የዕትሙን ጉዳይ በተመለከተ፣ ፋይሉ በዲስክ ላይ ቢለወጥም ማስታወሻ ውስጥ እየሠራ ያለው አሮጌው የጀርባ ፕሮሰስ እስኪቆም ድረስ አሮጌ ነው። ግንኙነቱ እንደተከፈተ፣ ከማንኛውም ሌላ መልእክት በፊት፣ ሁለቱ ወገኖች የመልእክቶቻቸውን የዕትም ቁጥር ይለዋወጡ። ካልተስማሙ መስኮቱ አሮጌውን በትሕትና እንዲወጣ ይጠይቀውና የያዘውን ሥራ እስኪጨርስ ይጠብቀው፤ ሥራ ላይ ያለን ፕሮሰስ በኃይል መግደል በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ እንደተነሣው መብራት መጥፋት ያህል ነው። በዕትሞች መካከል መልእክት ሲቀይሩ አዲስ መስክ መጨመር ብዙም አይጎዳም፤ ተቀባዩ የማያውቀውን መስክ ዝም ብሎ እንዲያልፍ አድርገው ይጻፉት። የነበረን መስክ ስሙን ሳይለውጡ ትርጉሙን መለወጥ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ለምሳሌ በብር ይላክ የነበረን ዋጋ በሳንቲም መላክ ካስፈለገ አዲስ ስም ይስጡትና አሮጌው መስኮት ከሁሉም ኮምፒውተር እስኪወጣ ድረስ ሁለቱንም ጎን ለጎን ይላኩ።